በሽታን ስለሚያስደብቀው ነገር

ውድ ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ በነርስነት የኖርኩ ሰው ነኝ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጎረቤት እንዳያያቸው እዚሁ ያለውን ትተው አዲስ አበባ ድረስ ለመድኃኒት የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ክኒኑ ቦርሳ ውስጥ እንዳይንኳኳ ብልቃጡን በጥጥ የሚጠቀጥቁም አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ እኔን ግን ከደበቀው ይልቅ ያስደበቀው ያሳስበኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚደበቁት ወንድ ተብለው ተወልደው ራሳቸውን ሴት አድርገው የሚያውቁት፣ ትራንስጀንደር ሴቶች የሚባሉት ናቸው። ጉዳዩን መስማት የማይፈልግ ካለ እባክህ ታገሠኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የ15 አገሮችን መረጃ ያጠናቀረ ጥናት፣ እነዚህ ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው አዋቂ 49 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ከ15ቱ አንዱም የአፍሪካ አገር አልነበረም።

ያለኮንዶም በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ቫይረሱን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። እኔ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ቤተሰብ ያባረራት፣ ሥራ የተነፈገች ሰው «እወድሻለሁ» ያላትን አንድ ሰው ማጣት ከቫይረሱ በላይ ያስፈራታል። ኮንዶም ስትጠይቅ «አታምኚኝም ማለት ነው» ይላታል። ቀን በአደባባይ ሰላም የማይላት ሰው ሌሊት የእምነት ማስረጃ ይጠይቃታል! የአገራችን የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ስለሚያስቀጣ፣ «አጋልጥሻለሁ» ቢላትስ ለማን አቤት ትላለች?

የእነሱ ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። እናንተም «ካመንሽኝ፣ ካመንከኝ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ አብራችሁ ተመርመሩ። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ቫይረሱ ያለበትን ሰው አትሽሹ። ተጋልጠናል ብላችሁ ከሠጋችሁ ሳይውል ሳያድር፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ድረሱ፤ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ።

የጤና ትምህርት የምትማሩ ደግሞ አደራ አለባችሁ። እንዲህ ያለች ሰው ፊታችሁ ስትቆም ከባልደረባችሁ ጋር አትጠቃቀሱ። አንዲት ጥቅሻ ካየች ሳትመረመር ትወጣለች፤ ተመልሳ የምትመጣው በሽታው ከጠናባት በኋላ ነው። በካርዱ ላይ ያለውን ስም በሰው ፊት ጮክ ብላችሁ አትጥሩ። በምን ስም መጠራት እንደምትፈልግ ጠይቋት፣ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ ምርመራውን ጀምሩ።