ክረምት ሲወጣ የጓሮ አትክልት ከምን ይጀመራል? ሱሉልታ ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሱሉልታ ያለው ጓሮሽ በሙጃ ተውጧል፤ አምና የተከልሽው የጎመን ችግኝ ጠዋት ጠዋት ተቆርጦ ወድቆ ይገኝ ነበር፤ ቲማቲሙም ፍሬ ይዞ ሳለ ጠቁሮ ረገፈ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ከምን ልጀምር ነው ያልሽው። እኔም በዚሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ጓሮ ሳለማ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ከዘሩ በፊት ውኃውን አስቢ። በእኛ አገር የመፀው ጓሮ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች በሁለት ወር ውስጥ ይፈራረቁበታል። መስከረም ላይ አፈሩ ውኃ ጠግቦ ሥር ያፍናል፤ ኅዳር ላይ ያው አፈር ደርቆ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ መደብሽ መጀመሪያ ውኃ የሚያስወጣ፣ በኋላ ደግሞ ውኃ የሚይዝ ሆኖ መሠራት አለበት። ይህ ካልተስተካከለ ውድ ዘር መግዛትም ሆነ ማዳበሪያ መጨመር ብዙ አይረዳም።

ፀሐይ ወጣች ብለሽ ወዲያው ዶማ አታንሺ። ጓሮሽ ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ፣ እርጥብ ሳለ ከተቆፈረ ፀሐይ ሲመታው ጓል ይሆናል፤ ያ ጓል ዓመቱን ሙሉ አይለቅሽም። ከመሬቱ አንድ ጭብጥ አፈር አንሺና ጨምቀሽ በአውራ ጣትሽ ገፋ አድርጊው። ተፈርፍሮ ከወደቀ ቁፈሪ፤ እንደ ሊጥ ተለጥጦ ጣትሽ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው። አባቶቻችን መፀውን ከመስከረም 26 ጀምረው ይቆጥራሉ፤ በአብዛኛው ዓመት አፈሩም የሚስማማው በዚያው ሰሞን ነው።

እስከዚያው ሥራ አለልሽ። ሙጃውን ዘር ሳይጥል እጨጂውና ከመደቡ ርቆ ይድረቅ፤ በኋላ ለጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩን ለመሸፈኛ፣ ይሆንሻል። አጥሩ ሥር ያለውን አደይ አበባ ግን ተይው፤ ንቦች ይመጡበታል፣ ዝኩኒና ዱባ ደግሞ ያለ ንብ ፍሬ አይዙም።

የተቆረጡት ችግኞችሽም ነገር ከዚሁ ሙጃ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የሚቆርጣቸው ቆራጭ ትል ነው። እናቲቱ የእሳት ራት እንቁላሏን አረም ላይ ትጥላለች፤ ትሉ አረሙን እየበላ ያድጋል። አረሙን ዛሬ አጽድተሽ ነገ ችግኝ ስትተክዪ፣ ለተራበው ትል ምግቡን አቀረብሽለት ማለት ነው። መሬቱን ከመትከልሽ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ አጽጂው። ከዚያም በኋላ ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ ካየሽ፣ ገና በማለዳ ግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል በጣትሽ ጫር ጫር አድርጊ፤ ክብ ሠርቶ የተጠቀለለ አመድማ ትል ታገኛለሽ። ልቀሚና ለዶሮ ስጪ። ለአዲሶቹ ችግኞች ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ቀለበት ቀለበት አድርገሽ ቁረጪና እያንዳንዱን ግንድ ከብበሽ አፈር ውስጥ ሰካ አድርጊው። መድኃኒት መርጨት አያስፈልግሽም።

መደቡን ከየጎኑ ተንበርክከሽ መሐሉ እንዲደረስልሽ 1 ሜትር ያህል ስፋት ስጪው፤ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ዙሪያውን ቦይ አውጪለት። ውኃው ወደ ጎረቤት አጥር ሳይሆን ወደ ተዳፋቱ ይሂድ፤ በዚህ የተቀያየሙ ጎረቤታሞች አውቃለሁ። ሱሉልታ የወተት ላም አገር ስለሆነ ፍግ አይቸግርሽም፤ ነገር ግን ወራት ተከምሮ የበሰለውን፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር የሚለውን ውሰጂ። ጥሬ እበት ሥር ያቃጥላል፤ የዶሮ ኩስ ደግሞ ይብሳል። ዝናቡ ቆርጦ ሲያበቃ ያደረቅሽውን ሙጃ ወይም የጤፍ ጭድ በችግኞቹ መሐል ጎዝጉዢ። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣባቸው እንደ እኛ ላሉ ሰፈሮች ከጉዝጓዝ የሚበልጥ ነገር አላየሁም፤ ከሰዓት በኋላ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገሽ አፈሩን ብትነኪው ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ አጠገቡ የተራቆተው መሬት ግን ተሰንጥቋል።

የሚተከለውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ስርና ካሮት ይበቁሻል። ጎመንና ቆስጣ ከሥር ከሥር ቅጠላቸው እየተቀነጠበ፣ እምብርታቸው እየተተወ ለወራት ያበሉሻል። ካሮት ችግኙ አይዛወርም፤ እዚያው መደቡ ላይ በመስመር ይዘራል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቅዪው፤ እስኪበቅል ድረስ እርጥብ ጆንያ አልብሺው፣ ብቅ ሲል ወዲያው አንሺለት፤ ከዚያ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ እየተውሽ አሳሺው። ማሳሳት ብዙ ሰው ያሳዝነዋል፤ ካልሳሳ ግን ቅጠል እንጂ ካሮት አታገኚም። ነጭ ሽንኩርት በጠርዙ በኩል ብትተክዪም ጥሩ ነው።

ቲማቲምሽን የገደለው ከገለጻሽ እንደተረዳሁት ምች የሚባለው፣ ድንችንም የሚያጠቃው በሽታ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ በቀናት ውስጥ ማሳ ያጠፋል። ጠዋት የጠቆረውን ቅጠል ገልብጠሽ እዪው፤ በጥቁሩ ዳር ዳር ነጭ ሻጋታ ካለ እሱው ነው። የታመመውን ነቅለሽ አቃጥዪ፤ ቲማቲምና ድንችን ጎን ለጎን አትትከዪ፤ ውኃውን ከሥሩ እንጂ ከላይ አታርከፍክፊ።

በዚህ ወቅት ቲማቲም ትከዪ ብዬ ግን አልመክርሽም። አቃቂ በኩል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ይሞክር፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ከምች በሽታው የተረፈውን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይወስደዋል። ችግኙን ጥር ላይ አፍልተሽ የካቲት ላይ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ብትተክዪ ይሻላል። ለሰላጣሽም ቢሆን ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጭጭ ካለ ጆንያ አልብሺው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አንሺለት። ጎመን ግን ውርጩን ይችላል።

በጥያቄሽ ሥር አንድ ወንድማችን የወንዝ ውኃ በፓምፕ እየሳበ እንደሚያጠጣ ጽፏል። ምንጩ የጠራና የታወቀ ከሆነ መልካም። ከከተማው የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዘው ነው የሚመጡት፤ በእነርሱ የጠጣ ሰላጣ ለልጅ አይቀርብም። በርሜል ገዝተሽ የጣሪያሽን የዝናብ ውኃ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሪ፤ ገና የሚዘንብ አለ።