የሮጥኩትን ልብላው?

ጥያቄ፦ 70 ኪሎ ነኝ፣ ትንሽ መቀነስ እፈልጋለሁ። አፑ በቀን 1,800 ካሎሪ ብዪ ይለኛል። ጠዋት መስቀል አደባባይ 5 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ደግሞ የእጅ ሰዓቴ 450 አቃጠልሽ አለኝ። 450ውን ጨምሬ ልብላው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አፑን ስትከፍቺ በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት እንደምትሠሪ ጠይቆሽ ነበር? አራት ቀን ካልሽው ሩጫሽ 1,800ው ውስጥ ገብቷል፤ እንደገና ከበላሽበት አንዱን ሩጫ ሁለቴ ቆጠርሽው ማለት ነው። ብዙም አልንቀሳቀስም ብለሽው ከሆነ ግን መጨመር ትችያለሽ፣ 450 ግን አይሆንም! እነዚህ ሰዓቶች ለጋስ ናቸው። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ነው፣ ያንቺ 350 ይመጣል፣ ከዚያ ላይ ሶፋ ላይ ተጋድመሽም በግማሽ ሰዓት የምታቃጥያትን 35 ገደማ ስትቀንሺ 300 ምናምን ይቀርሻል። ከሩጫ መልስ ጨጨብሳው ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጠብ ካደረግሽ እሱም አለቀ (ቅቤው ብቻ ነው፣ ቂጣውን ገና አልቆጠርነውም)።

እኔ ብሆን ግማሹን በልቼ ለሦስት ሳምንት ሚዛኑን አይ ነበር። ካልቀነሰ ጭማሪውን አሳንሺው፤ ድካምና ማዞር ከመጣ ደግሞ ብዪ፣ አትጨክኚ።