ሰም ውስጥ ገብቶ የወጣ ኩላሊት ስንት ይለካል? ጥያቄና መልስ

ከአካል የተቆረጠ ናሙና አዘገጃጀት በማይክሮስኮፕ ልኬት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ናሙናውን የሚያኮማትረው ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ) ነው አይደል?

መልስ፦ ትንሽ ድርሻ አለው፤ ግን ሁሉንም በእሱ አታላክኩ። ዋናው መኮማተር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አልኮሉ ውሃውን ይመጥጠዋል። ከዚያ ናሙናው 60 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ፓራፊን (ቀልጦ ያለ ሰም) ውስጥ ይቆያል። ቋንጣ ሰቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እንደ አካሉ ዓይነት ርዝመቱ ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊያጥር ይችላል።

ጥያቄ፦ 20 በመቶ እኮ ብዙ አይደለም። ብተወውስ?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! 20 በመቶው የርዝመት ነው። 200 ማይክሮሜትር የነበረ የኩላሊት ግሎሜሩለስ (ደም የሚያጣራ የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅል) 160 ይሆናል፤ እሺ ይሁን እንበል። ይዘቱን ስታሰላ ግን 0.8ን ሦስት ጊዜ ታባዛለህ፤ የሚቀርህ 51 በመቶ ነው። ግማሹ በነነ! በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ስንት ሕዋስ አለ ብለህ ከቆጠርክ ደግሞ ቁጥሩ እጥፍ ገደማ ይሆንልሃል። ሕዋሱ አልተራባም፤ ቤቱ ጠበበ እንጂ።

ጥያቄ፦ መጠኑ የሚታወቀውን ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማስመሪያ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለዓይን ግምት ይሆናል። ለምርምር ግን አይሆንም፤ እሱም አብሮ ይኮማተራላ።

ጥያቄ፦ ሳንባስ?

መልስ፦ ሳንባ የራሱ ጣጣ አለው። ደረት ሲከፈት አየሩ ወጥቶ ይሟሽሻል። እንዲሁ ቆርጣችሁ ፎርማሊን ውስጥ ከጣላችሁት የምትለኩት የተጨማደደ ከረጢት ነው። ስለዚህ ፎርማሊኑን በአየር ቧንቧው በኩል፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ በሚፈጥረው ግፊት ሞልቶ፣ ሳንባው እንደተነፋ ቅርጹን ይዞ እንዲጸና ማድረግ የተለመደ ነው። የአየር ከረጢቱ 200 ማይክሮሜትር ገደማ ነው ሲባል፣ “በስንት ግፊት ተነፍቶ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለመመረቂያ ጽሑፌ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ናሙናውን ፎርማሊን ውስጥ ሳትከቺ በካሊፐር ለኪው። ስላይዱ (ስስ ቁራጩ ለማይክሮስኮፕ የሚለጠፍበት መስታወት) ሲያልቅ ያንኑ የናሙናውን ጎን እንደገና ለኪና ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍዪ። ማስተካከያሽ ያ ነው፤ ከሌላ ላብራቶሪ አትበደሪ። ሁሉንም ናሙና ደግሞ በአንድ ዓይነት ሰዓትና ሂደት አሳልፊ። እኔ አንድ ጊዜ የድሮ ስላይዶችን ከአዲሶቹ ጋር አወዳድሬ “ልዩነት አገኘሁ!” ብዬ ስፈነድቅ ነበር። ለካ መሃል ላይ የአልኮሉ ሰዓት ተቀይሮ ኖሯል።