ከእጅ ውርወራ የገባችው ኳስ ለማን ትመዝገብ?

ከእጅ ውርወራ ወደ ጎል የሄደች ኳስ በረኛው በጣቱ ነክቷት ብትገባ ጎል ናት ወይ፣ በማንስ ስም ትመዝገብ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተጨቃጭቀውባታል ብለህ ጠይቀኸኛል። በረኛው በጣቱ ከነካት አዎ፣ ጎል ናት። ግን ሁለቱ ቡድኖች የተጨቃጨቁባትን ጎል በወርዋሪው ስም እንዳትጽፋት። በረኛው በራሱ ላይ እንዳገባ ነው የሚመዘገበው፤ ምክንያቱም ከእጅ ውርወራ በቀጥታ የገባ ኳስ አይቆጠርም።

ማንም ሳይነካት ብትገባስ? በተጋጣሚ ጎል ከሆነ የመልስ ምት፣ በራስ ጎል ከሆነ ደግሞ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል። ይህ ጭቅጭቅ ትልልቆቹም ጋ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. የእንግሊዞቹ ክለቦች በርሚንግሃምና አስቶን ቪላ ሲጫወቱ የቪላው ሜልበርግ ለራሱ በረኛ ለኤንኬልማን ወረወረለት፣ ኳሷ በእግሩ ስር ሾልካ ገባች፣ ዳኛውም ነክቷታል ብሎ አጸደቃት። ነካ አልነካ የሚለው ክርክር ግን አልበረደም።

አንድ ነገር ልንገርህ አቦ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚባለው አካባቢ የሰፈር ጨዋታ ስመዘግብ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው የምንጀምረው፣ አቧራው አያሳይም፣ ተመልካቹ ሲጮህ ሰምቼ ጎል ብዬ ጻፍኩ። ዳኛው ለካ የመልስ ምት ነበር የሰጠው! ማታ ልጆቹ ሊደባደቡ ደረሱ። ስለዚህ ዳኛው ወደ መሃል ሜዳ እስኪጠቁም ጠብቅ፣ ማን እንደነካት እዚያው ጠይቀው፣ ጨዋታው እንዳለቀም መዝገቡ ላይ አስፈርመው።