ቡሬ ላይ የቢላ ሱቅ ለመክፈት ላሰበው ወንድሜ፦ ገዢ የሚመርጠው ማንን ነው?

ወንድም ዓለም፣ «ቡሬ ላይ የቢላና የካራ ሱቅ ልከፍት ነው፤ ገዢ ነጋዴ ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ምንድን ነው፣ ዋጋ ወይስ ጥራት?» ብለህ የጠየቅኸውን አየሁ። ከሥሩ የተሰጠውንም መልስ አነበብሁ። አንዱ ፈገግታ ይልሃል፣ ሌላው ጥሩ ቦታ ይልሃል። በፈገግታ ካራ የሸጠ ሰው በበኩሌ አላየሁም። ደብረ ማርቆስ ላይ በዚሁ ንግድ ቤት ሠርቼ ልጆች ያስተማርሁ ነኝና እኔን ስማኝ። የንግድ ፈቃዱንና የኪራዩን ጉዳይ ዘልዬዋለሁ፤ እሱን ጎረቤቶችህም ይነግሩሃል።

1ኛ፦ ገዢ ጥራትን በዓይኑ ማየት አይችልም። አዲስ ቢላ ሁሉ ያብለጨልጫል፣ አዲስ ቢላ ሁሉ ወረቀት ይቆርጣል። ጉዱ የሚወጣው እቤት ከገባ በኋላ ነው። የአንዲት ዶሮ 12 ብልት ወጥቶ ሳያልቅ መሳያ ፍለጋ የሚያስሮጥ ቢላ አለ። ገዢዋ ይህን ስለምታውቅ፣ ቢላውን ገልበጥ ገልበጥ እያደረገች በጎን የምታየው አንተን ነው። ነገ ቢዶለድም፣ እጀታው ቢላቀቅ፣ ይህ ሰውዬ ያውቀኛል ወይስ «እኔ አልሸጥሁልሽም» ይለኛል? የምታሰላው ይህንን ነው። ብረቱን ራሱን የሚመረምሩት ሥጋ ቆራጮች ናቸው። ስለቱን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አሳርፈው በቀስታ ገፋ ያደርጉታል፤ ከተንሸራተተ ይመልሱልሃል፣ ጥፍሩን ነከስ ካደረገ ዋጋ ይጠይቁሃል። ከእነሱ ጋር ወሬ አታብዛ።

2ኛ፦ ስለ ብረቱ አትዋሽ። ማግኔት በኪሱ ይዞ የሚመጣ ገዢ ይገጥምሃል፤ «ማግኔት ከሳበው ማይዝግ አይደለም» ይልሃል። ብዙው ነጋዴ ክርክር ጠልቶ እሺ ብሎ ሌላ ያወጣለታል። አንተ ግን አስረዳው። ስለት እንዲይዝ በእሳት ተግሎና ቀዝቅዞ የሚጠነክረው የቢላ ማይዝግ ብረት ማግኔት ይስበዋል። እምብዛም የማይስበው 18/10 የሚባለው፣ ኒኬል ያለበት የማንኪያና የድስት ብረት ነው፤ እሱ በእሳት አይጠነክርም፣ ቢላ ቢያደርጉትም ቶሎ ይደንዛል። እንዲሁም የእኛ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ካራ ይዝጋል፤ ይህን ደብቀህ አትሽጥ። «ሎሚና ቲማቲም ከቆረጥሽበት ወዲያው አጥበሽ አድርቂው፤ ስለቱን ግን ይይዝልሻል» በላት። እውነቱን ሰምታ ከገዛች፣ ሲጠቁር አንተን አትረግምም። «ሶሊንገን» የሚል የታተመበትን ሁሉ የጀርመን ነው ብለህ አትማል። ሶሊንገን የጀርመን ከተማ ናት፤ ስሟን ቢላ ላይ ማተም በሕግ የሚፈቀደው እዚያው ለተሠራ ብቻ ነው። በእኛ ገበያ ግን በሁለት እንጀራ ዋጋ የሚሸጥ «ሶሊንገን» አይቻለሁ።

3ኛ፦ ተሸጦ የወጣን ዕቃ መልሰህ ተቀበል። ዋናው መልሴ ይህ ነውና ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ የተማርሁትም ገዢ ሆኜ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ይከርማል፤ ሆሳዕና ሲደርስ ቅርጫ የሚገባው ሁሉ ለካራ ይሯሯጣል። እኔም ለዚያ ገበያ ብዬ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ጅምላ አከፋፋይ በካርቶን በካርቶን ቢላ አስጫንሁ። ገንዘቡ በባንክ አስቀድሞ ተከፍሏል። ዕቃው አባይ በረሃን ተሻግሮ መጣ፤ ካርቶኑ ውስጥ ከላይ የተደረደረው እንከን አይወጣለትም። ከሥር ያለው ግን ሌላ ዕቃ ነበር። ጎኑ ላይ የሚታየው የብስማር ራስ ለዓይን የተለጠፈ ጌጥ ነው፤ እጀታው ውስጥ የገባው የብረቱ ጭራ የጣት አንጓ አያህልም፣ የተያዘውም በማጣበቂያ ነው። ሙቅ ውኃና ጮማ ሲነካው ማጣበቂያው ይለቃል።

የፋሲካ ማግስት አንድ አያ፣ የብዙ ዘመን ደንበኛዬ፣ ብረቱን በአንድ እጃቸው እጀታውን በሌላው ይዘው መጡ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ሁለቱን መደርደሪያው ላይ አኖሩና «አንተን ብዬ እኮ ነው የገዛሁት» አሉ። በሬው ግማሽ ተገፎ ሳለ ነው የተላቀቀባቸው፤ ጎረቤት ተለምኖ ካራ ተገኘ። ከእሳቸው በኋላ የመጣውን ሰው ተወው።

አከፋፋዩ ዘንድ ደወልሁ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ካርቶኔን አዝዬ ራሴ ሄድሁ። ወንበር እንኳ አልሰጡኝም፤ ሒሳብ ያዡ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ጎጃሜ፣ አትጨቅጭቀን» አለኝ። አቤት ልል ብሄድ ደግሞ፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 የሚጠብቀው ለራሱ ፍጆታ የገዛውን ሰው እንጂ መልሶ ለመሸጥ የገዛውን ነጋዴ አይደለም ተባልሁ። እውነት ነው፤ ሕጉ ሸማች የሚለው እኔን አይደለም። በፍትሐ ብሔር ክሰስ አሉኝ። ለጠበቃ የምከፍለው ከቢላው ዋጋ ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ልብ በል፤ ያ አዋጅ እኔን ባይጠብቅም፣ ከእኔ የገዙትን አያ ይጠብቃቸዋል። እኔ ግን አዋጅ ተጠቅሶብኝ አይደለም የከፈልሁት። ደረሰኝ ለያዘም ለጠፋበትም መለስሁ፤ ባለቤቴ አእምሮውን ነክቶታል ብላ ለዘመድ ነግራብኝ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የተመለሰለት ሁሉ ለመስከረሙ በዓል ጎረቤቱን አስከትሎ መጣ። ፊት ለፊቴ ያለው ባለሱቅ በዚያው ፋሲካ ያንኑ ቢላ ሸጦ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን በቀይ ቀለም አድምቆ ጻፈ። ዛሬ የሚሸጠው የፕላስቲክ ባልዲ ነው።

4ኛ፦ መሳል ቻል። ቢላ የሚሸጥ ሞልቷል፤ የሸጠውን የሚስል ጥቂት ነው። ከእኔ ለተገዛ የመጀመሪያውን በነፃ እስላለሁ፣ ከዚያ በኋላ በትንሽ ክፍያ። በግራይንደር አትሳል፤ ብልጭታው ያምራል፣ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ግን ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ያ ስለት አይመለስም። ውኃ እያጠጣህ በድንጋይ ሳል። ጾም ሲገባ ሽያጭ ይሞታል፤ ሥጋ ቤቶች ግን ካራቸውን ሁሉ ሰብስበው የሚያስስሉት ያኔ ነው፣ የሁዳዴ ኪራዬን የምከፍለውም ከዚያ ነው።

ከቀጥቃጮች ስትገዛ በዕለቱ ክፈላቸው። ማረሻውንና ማጭዱን ከእጃቸው እየወሰደ ቡዳ እያለ የኖረ አገር ነው፤ አንተ አክብረህ ከያዝሃቸው ምርጡን ለአንተ ያስቀምጡልሃል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ከጠብ ተነሥቶ ለመጣ ሰው የፈለገውን ያህል ቢከፍል አትሽጥ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከሁሉ ርካሽ ለመሆን አትጣር፤ የመመለሻውና የመሳያው ወጪ እላዩ ላይ ይቀመጥ። ሰው በጥቂት ብር አይከራከርህም። ዕቃ ስትረከብ ደግሞ ካርቶኑን ገልብጠህ ከሥሩ ክፈት፤ አንዱን ቢላ የአከፋፋዩ ዓይን እያየ እጀታውን ሰብረህ ጭራውን ለካ፣ የሰበርኸውን ክፈለውና። ይህን ካልፈቀደ ሌላ ዘንድ ሂድ። የእኔን አከፋፋይ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ከመክፈልህ በፊት በውስጥ መስመር ጠይቀኝ።