ኖታ ማንበብ ግድ ነው ወይ ላላችሁኝ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ አራት ሆነን መዝፈን ጀምረናል። ኖታ የሚያነበው አንዳችን ብቻ ነው። ችግር አለው?» አለችኝ። «ምንም የለው፣ ዝፈኑ» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ ለራሴም አልዋጥልኝ አለ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም። በሰማንያዎቹ ግን ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ፣ የአንዳችን ሳሎን ውስጥ እየተሰበሰብን እንዘፍን ነበር። ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትይዘው ሶፕራኖዋ የቀበሌ ኪነት ልጅ ናት። መድረክ አትፈራም፤ ማይክ ቢጠፋም ደንታዋ አይደለም። ችግሩ፣ ፍቅር ስትዘፍንም ሰልፍ የወጣች ይመስልባታል። እኔ አልቶ፣ ማለትም ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ ነበርኩ። ያደግኩት ወለጋ፣ መካነ ኢየሱስ መዘምራን ውስጥ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልኩ ነው። እናቴ ዘፈን መጀመሬን ስትሰማ ለአንድ ወር አኩርፋኛለች።

ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ የሚይዘው ቴነሩ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ልጅ ነው። ኖታን ከፊደል እኩል ነው የቆጠረው። አባቱ ትራምፔት ይነፉ ነበር፤ አንዳንዴ መጥተው ቁጭ ይላሉ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ስለ «አርባ ልጆች» ባንድ ማውራት ከጀመሩ የዚያን ቀን ልምምድ የለም። ወሬያቸው ግን ይጥማል።

ወፍራሙን የወንድ ድምፅ የሚይዘው ቤዙ ጎጃሜ ነው። በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ዜማ ተምሯል፤ እኛ ስናውቀው የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። «ኖታ አላውቅም» ይላል። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን ግን ይዞ ይመጣና ከፊደሉ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች በጣቱ እየተከተለ ያዜምልናል። ድፋት ላይ ድምፁ ይወርዳል፣ ርክርክ ላይ ይንከባለላል። እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠሩትን ምልክት አጥርቶ የሚያነብ ሰው፣ እኛ ዘንድ «ኖታ የማያነብ» ተብሎ ተቀመጠ።

አንድ ጊዜ ለሥራ ባልደረባችን ሠርግ አንድ ዘፈን በሜጀር ትዝታ ቅኝት አዘጋጀን። ቴነሩ በፈረንጅ ስልት አቀናብሮ ጽፎ መጣ። ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋና ሲ የሉበትም። እሱ ግን ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች፣ እንዲሞላለት ለእኔ ሲ ሰጠኝ። ገና ሳወጣት ቤዙ እጁን አነሳ። «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?»

ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ፤ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። በመጨረሻ ቤዙ «ቆይ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ዝፈኑ» አለና ከሥር ዶ ላይ ተቀመጠ። አልተንቀሳቀሰም። ስንኙ ሊያልቅ ሲል ብቻ ወደ ላ ወርዶ በርክርክ ተመለሰ። ቴነሩ እርሳሱን አንስቶ ሲዋን ሰረዛት። ሠርጉ ላይ ስንዘፍነው ድንኳኑ ጥግ የነበረው ሥጋ ቆራጭ ቢላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያን ያህል አምሮልን አያውቅም።

ከዚያ ቴነሩ ዲቪ ደርሶት ዋሽንግተን ሄደ። ቤዙ ደግሞ ታሞ አረፈ፤ ነፍሱን ይማር። አምና ሦስታችን በቴሌግራም ያን ዘፈን እንመልሰው ተባባልን። ሶፕራኖዋ የራሷን በድምፅ ላከች፣ እኔም የራሴን። ቴነሩ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ አግኝቶ ፎቶ አንስቶ ላከልን። የሦስታችን ድምፅ ሥርዓቱን ጠብቆ ተጽፏል። የቤዙ መስመር ባዶ ነው። በእርሳስ «እሱ ያውቀዋል» ይላል።

ቤዙ የተቀመጠበትን ዶ አስታውሳለሁ። ርክርኩን ግን ስንቴ ሞከርኩት፣ አይመጣም።

እናንተ ሁሉን ነገር በስልክ ትቀዳላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን እዩት፦ ቅጂው ላይ ከፊት ሶፕራኖዋ ትጮኻለች፣ ቤዙ አይሰማም፣ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ለቲክቶክ ተብሎ ይቆረጣል። የዛሬ ልጅ ድምፁ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ እንኳ በማሽን አቃንቶ ነው የሚያሰማው።

ለደወልሽልኝ ልጅ፦ «ምንም የለው» ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ኖታ አንባቢ አንድ ይበቃችኋል፣ ግን ከማያነቡት ጋር ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ነው። አንዱ ጓደኛችሁ አያቱ ዘንድ መንዙማ እየሰማ ማደጉን ነግረሽኛል። ድምፁን እንደ እናንተ ቀጥ እንዲያደርግ ከመጠየቃችሁ በፊት ለብቻው ቅዱት፣ አንባቢያችሁም የቻለውን ያህል ይጻፈው። ያልቻለውን ቦታ በቃል ይግለጸው፣ ባዶ አይተወው። ቅዳሜ የምትለማመዱ ከሆነ እኔም እመጣለሁ። አልቶ አሁንም ይወጣልኛል፤ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ተዉልኝ።