ቡሃቃው ይታጠብ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እናቴ ጥቅምት ላይ አረፈች። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ቤቷ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ‹ክረምት ሳይገባ ባዶ ሆኖ ይከራይ› ይላል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም፤ ‹እኔ ሳልመጣ አንድ ማንኪያ እንዳትነኩ› ትላለች። እኔ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ አልቅሼ እመለሳለሁ። ዕቃዋን ብነካ ሁለተኛ የምቀብራት ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የወንድሜ ሚስት ጀበናውንና ረከቦቱን ማንንም ሳትጠይቅ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ከወንድሜ ጋር አልተነጋገርንም። ጓዳው ውስጥ ቡሃቃዋ ከነሊጡ ደርቆ ተቀምጧል። ልጠበው ወይስ ይቆይ? እሱን እንኳ መወሰን አቃተኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

አልጋው ላይ ቁጭ ብለሽ መመለስሽ ድክመት አይደለም። መድኃኒት በሰዓቱ ስትሰጪ፣ ሌሊት ሲጠሩሽ ስትነሺ ሦስት ዓመት የኖርሽበት ቤት ነው። ለወንድምሽ ያ ቤት የእናቱ ቤት ነው፤ ላንቺ ግን የዕለት ሥራሽም ነበር። እናትሽ ሲያርፉ ሁለቱንም ባንድ ቀን አጣሽ። ለቅሶኛው ከተበተነ በኋላ አስታማሚ እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፈው የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሽታውም አለ። ሽታ ትዝታና ስሜት ከሚመላለሱበት የአንጎል ክፍል ጋር በጣም ቅርብ ነው። ፎቶ አይቶ የቻለ ሰው የእናቱን ነጠላ አንስቶ የእጣኑና የቅቤው ሽታ ሲመጣበት የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የወንድምሽንም ጥድፊያ ጭካኔ ነው ብለሽ አትደምድሚ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ድንኳኑ እስኪነቀል እንዲያለቅስ ይፈቀድለታል፤ ከዚያ «በርታ፣ ያለኸው አንተ ነህ» ይባላል። እንዲህ የተባለ ሰው ሐዘኑን የሚወጣው በሥራ ነው። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳቀረቡት፣ ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ናፍቆቱ፣ አንዴ ወደ ኑሮው ይመላለሳል፤ የሚጎዳው አንዱ ጋ ተተክሎ ሲቀር ነው። አንቺ ናፍቆቱ ጋ፣ ወንድምሽ ኑሮው ጋ ቆማችኋል። እህትሽ ደግሞ አፈሩን ስላላየች፣ ቤቱ እንዳለ እስከቆየ ድረስ ለእሷ እናታችሁ ገና አልተቀበሩም። ሦስታችሁም እናታችሁ «ሄዱ» የምትሉበት ቀን ይለያያል፤ ጀበናው የገባው እዚህ መሀል ነው።

ቤቱን በተመለከተ ሦስት ሥራ አለባችሁ፦ መጠበቅ፣ መለየት፣ መሸኘት። ሦስቱንም ባንድ ቅዳሜ ለመጨረስ የሚነሳ ቤተሰብ ይጣላል። ለእያንዳንዱ የየራሱን ጊዜ ስጡት። ቀኑንም ባህላችን አስቀምጦላችኋል፤ መንፈቁ ሚያዝያ ላይ ነው፣ ሙት ዓመቱ ጥቅምት ላይ።

መጠበቁ አሁን ይጀመር። መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውይ፤ እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ ጀበናውን ማን ወሰደው ልልህ አልደወልኩም። ሦስታችንም እስክንስማማ ምንም ዕቃ ከቤት አይውጣ፤ የወጣውም ይመለስ። የመንፈቁ ሳምንት ካለፈ በኋላ አብሬህ እጀምራለሁ፤ ከሰኔ በፊትም ቤቱ ይለቀቃል።» የሚስቱን ስም አታንሺ። እሷም ዕቃው ተጥሎ ቀረ ብላ ሊሆን ይችላል። ወንድምሽን ያስቆጣው የቀን አለመኖር ይመስለኛል፤ ቀን ከሰጠሽው ይታገሣል። ከዚያ አብራችሁ ግቡና ወረቀትና የሚበላሽ ነገር ብቻ አውጡ፤ ሌላ ነገር አትንኩ።

ወረቀት ማለት የቤቱ ካርታ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የእድር ደብተር፣ የጡረታ ሰነድ ካለ እሱ፣ ኑዛዜም ካለ እሱ ነው። እናቶች ወረቀትና ገንዘብ የሚያስቀምጡት ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ አይደለም። ዳዊቱን ገጽ በገጽ ግለጡ፣ ፍራሹን አንሱ፣ የእህሉን ዕቃ እስከ ታች ፈትሹ። የመቀነቱንና የነጠላውን ጫፍ ሳትፈቱ፣ ኪስ ሳትዳብሱ አንድም ልብስ ከቤት አይውጣ። በየቤቱ ከሚደርሰው ጥፋት ትልቁ ይሄ ነው፤ ብር የተቋጠረበት መቀነት ለልዋጭ ይሰጣል። የሞት ምዝገባው በ30 ቀን ውስጥ መደረግ የነበረበት ነው፤ ካልተደረገ ዘግይቶም ቢሆን ጨርሱት፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ስትጠይቁ ያስፈልጋችኋል። ወርቅ እንደ ማስታወሻ አይታይም፤ አስመዝናችሁ ከውርሱ ጋር ጻፉት። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ልጆችን እኩል ያያል። የሦስት ዓመት ድካምሽን እህትና ወንድምሽ በፈቃዳቸው ሊያከብሩልሽ ይችላሉ፤ ግን ድካምሽን ጀበና በማስመለስ ልታስከፍዪያቸው አትሞክሪ፣ በግልጽ ተነጋገሩበት።

የተረፈ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለ ለጎረቤት አይሰጥም፣ ሽንት ቤትም አይጣልም፤ ወደ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነቀዝ የገባው ዱቄትና ሽታው የተለወጠ ቅቤ ይውጣ። እናትሽ ራሳቸው የቀመሙት በርበሬ ካለና ካልሻገተ ግን በደረቀ ማንኪያ ሦስት ብልቃጥ ላይ ከፋፍይው። አንዱ የእህትሽ ነው።

መለየቱ ከመንፈቁ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ ክረምት ስድስት ቅዳሜ ይበቃችኋል፤ በየቅዳሜው አንድ ክፍል፣ ከሁለት ሰዓት ሳይበልጥ። ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲወስን ይሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ወይ ሁሉንም ይጥላል፣ ወይ ሁሉንም ያስቀምጣል። ከሦስት ሰው በላይ አትሁኑ፤ አንዱ ወራሽ ያልሆነ፣ ሁላችሁም የምታከብሩት ጎረቤት ወይም ዘመድ ይሁን፣ ደብተሩን የሚይዘውም እሱ ይሁን። ዕቃው፣ ወዴት እንደሄደና ማን እንደወሰደው ይጻፋል፤ በስልክ ፎቶ ይነሣና ማታ ለእህትሽ ይላካል። እህትሽ የፈራችው ሳታይ እንዳያልቅ ነው፤ እንዲህ ከሆነ «አትንኩ» የምትለው ይቀንሳል።

ከጓዳ ጀምሩ። ከዚያ ዕቃ ቤቱ፣ ሳሎኑ፣ ከዚያ ልብሱ፤ ፎቶና ደብዳቤ መጨረሻ። ፎቶ ቀድሞ ከተከፈተ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ አንዱ ፎቶ አንድ ወግ ያመጣል። አራት ማዳበሪያ አዘጋጁ፦ የሚቆይ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል፣ ያልተወሰነ። «ያልተወሰነ» ማለት አያሳፍርም፤ ግን ከአንድ ካርቶን አይለፍ፣ የሚከፈተውም በሙት ዓመቱ ይሁን። ገደብ ካልተደረገበት ቤቱ በሙሉ እዚያ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ልብሱ ከባድ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር እናት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ለብሰውት ይወርዱ የነበረ ቀሚስ ማዳበሪያ ውስጥ እንዲገባ ማንም አይጠብቅም። እሱን ለይተሽ አስቀምጪ። ፀሐይ ላይ አናፍሺው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልይው፤ ፕላስቲክ ውስጥ ከታሸገ በክረምቱ እርጥበት ይሻግታል፣ ሳይናፈስ የሚቀመጥ ልብስ ደግሞ ለብል ይዳረጋል። አንድ ነጠላ ግን ሳይታጠብ ይቅር። እሱን ብቻ፣ ፍጹም ደረቅ ሲሆን፣ ፌስታል ውስጥ ጠበቅ አድርገሽ ቋጥሪው። በተከፈተ ቁጥር ሽታው ስለሚቀንስ በየቀኑ አትክፈቺው።

የተረፈውን ለመስጠት ጎንደር ብዙ በር አላት። ከተማዋ የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ለቆሎ ተማሪዎች ቢሄድ ሌሊቱን የሚያሞቀው ሰው አለ። ቀሚሱን ለነዳያን፣ ስዕልና መስቀሉን በተመለከተ ደግሞ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ዳዊቱ የብራና ከሆነ ተጠንቀቁ፦ ቅርስ ነው፣ ለነጋዴ አይሸጥም፣ እህትሽም ያለ ፈቃድ ከአገር ልታወጣው አትችልም። ይህን ሻንጣዋን ሳታዘጋጅ አስቀድመሽ ንገሪያት።

ለማስታወሻ የሚፈለገውን ዕቃ ሦስታችሁም ሦስት ሦስት ነገር ጻፉ፤ ለምን እንደፈለጋችሁት አንድ መስመር ጨምሩ። ብዙውን ጊዜ የሚደራረበው አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ብቻ ነው። ሲኒው ስድስት ከሆነ ሁለት ሁለት ይደርሳችኋል። ጀበናው አንድ ነው፤ ዕጣ ጣሉበት፣ ወይም በየዓመቱ ሙት ዓመት የሚዘክረው ሰው ይያዘው። የእናትሽን ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ቻርጅ አድርጊው፤ የተቀዳ ድምፅና ፎቶ ካለ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ሲሙ ሳይሞላ ሲቆይ ቁጥሩ ሊዘጋ ይችላል።

መሸኘቱ፣ ማለትም ባዶውን ቤት መዝጋቱ፣ ብዙ ሥራ የለውም። የመጨረሻው ቀን ማዳበሪያ የሚሸከም ሰው አትጥሩ። ሦስታችሁ፣ እህትሽም በቪዲዮ፣ እጣን አጭሳችሁ ቡና አፍሉ፤ በየክፍሉ ዞራችሁ ቆልፉ።

ስለ ራስሽም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ሐዘን ሕክምና የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል የሚለው ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ፣ ናፍቆቱ ከባህሉ ልክ በላይ ሆኖ፣ ሥራና ኑሮ ሲያስቆም ነው። አንቺ ገና አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ፤ ማልቀስሽ ብቻውን ሕመም አይባልም። ግን እንቅልፍና ምግብ ከጠፋብሽ፣ ከቤት መውጣት ካቆምሽ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ታዪ። «እሷ ጋ ልሂድ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ስድስተኛውን ወር አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ተናግረሽ አብራችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ቡሃቃው። አምስት ወር የደረቀውን ሊጥ በብርሃን እዪው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ጸጉራም ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ እንጀራ አይጋገርበትም። ቡሃቃውን በፈላ ውኃ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ወደ አዘዞ ይዘሽው ሂጂ፤ ዕቃው ያንቺ እንዲሆን ወንድምሽን ቀድመሽ ጠይቂው። እርሾው ጠፋ ብለሽ ግን አትዘኚ። እናትሽ በሰፈራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጋግሩ፣ እርሾ ያለቀባት ጎረቤት ስትመጣ ከዚያው ቡሃቃ ቀድተው ሳይሰጡ አይቀሩም። የተቀበለችውም ከዚያ ወዲህ ባቦካች ቁጥር ለሚቀጥለው እያስቀረች ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ጣሳ ይዘሽ ከእናትሽ ቤት የግራና የቀኙን በር አንኳኪ፤ «የእማዬ እርሾ እናንተ ጋ አለ?» ብለሽ ጠይቂ።